ከመሐል የወጣው

ሥራዬ አናጺ፣ ሱቄ ከሐዲድ ማዶ፣
ጓዳላሃራ ዳር፣ ቆርቆሮዋ ተቀዶ፤
ለሠዓሊዎች ነው ፍሬም የምገጥመው፣
የሸራውን ጀርባ እንጂ ፊቱን የማላየው።

ኤቬሊያ ኬሳዳ ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ካሬ ስትሥል ኖረች። «ወፍ ሣዪ» እያሉ
ደንበኞች ሲለምኗት፣ ማስመሪያዋን ይዛ
«ወፍማ ራሷ አለች» ትላለች ተክዛ።
ቀዩ ላይ ቢጫውን፣ ቢጫው ላይ ጥቁሩን፣
በምላጭ ታስተካክል ነበር ድንበሩን።

አንድ ክረምት ጠፋች። ሥራ ፈትቼ ዋልኩ።
ስትመለስ ጊዜ «ምን ነካሽ?» አልኩ፤
ጫማዋ ጭቃ ነው፣ ጥፍሯ ሥር ሰም አለ፣
ልብሷ ሙጫ ይሸታል፣ ፊቷ ከፀሐይ ዋለ።

«ተራራው ወጣሁ» አለች፣ «እነሱ ዊራሪካ፣
እኛ ሁይቾል ያልናቸው፤ ስም ስተናል ለካ።
አንዲት ባልቴት አሉ፣ ኡትሲማ ስማቸው፣
ከግማሽ ቅል ጋራ ደጅ ነው መዋያቸው፤
ሆዱን በንብ ሰም ለቅልቀው፣ ዶቃ በመርፌ ጫፍ
እያነሱ መጫን፣ እንደ በቆሎ ፍሬ፣ ሰልፍ በሰልፍ።
ማስመሪያ የላቸው፤ ዓይናቸውም ሞራ፤
ግን አንዷ ዶቃ እንኳ አትወጣ ከተራ።
እኔ ሠላሳ ዓመት፣ በመስመር፣ በኮምፓስ፣
እዚያች ቅል አፍ ድረስ አልቻልኩም ለመድረስ።

‹ምን ማለት ነው?› አልኳቸው ጣቴን ጠቁሜ፣
‹ይህ ካሬ፣ ይህ ጥግ?› ደጋግሜ፣ ደጋግሜ።
ሣቁ። ‹ሰሙን ነው› አሉ፣ ‹ልጄ፣ ያየሽው።
አማልክት ይጠጡበታል፤ አንቺ አነበብሽው።›

በሩ ላይ ተሰቅሏል የክር ዓይን ጥምጥም፣
በልጅ ልጃቸው ዕድሜ ልክ፣ አይበልጥ፣ አይጎድልም፤
ቱራማ አራት ናት፣ አራት ዓይን። አምስተኛው ሲሞላ
ልጅት ትጠናለች፤ አትጠይቅም ሌላ።

ደግሞ ከግድግዳው ክብ ሰሌዳ አይቼ፣
መሐሉ የተበሳ፤ ጣቴን አስገብቼ
‹ይደፈን?› ብላቸው፣ እጄን መታ አረጉት፤
‹በየት በኩል ሊያዩን፣ ይህን ከደፈኑት?›»

ይህን ስታወራ እኔ ዋጋ አሰላለሁ።

«ሁለት በሁለት ሜትር ኮምፔንሳቶ» አለች፣
«መሐሉን ብሳልኝ።» ሴትዮዋ አበደች?
«ቀዳዳ ማን ይገዛል?» ብዬ ሞገትኳት፤
ገንዘብ ገንዘብ ነውና፣ ኋላ በሳሁላት።

አጋዘን አልሣለች፣ የቁልቋሉን አበባ፤
«የሰው ጸሎት አልወስድ» አለች «እንደ ሌባ።»
የወሰደችው ሰሙን፣ የአውራ ጣትን ትዕግሥት፣
ክር ከክር አጠገብ፣ እንዳይቀር ክፍተት፤
ሰባት ወር ተጫነች። ማስመሪያው ተሰቅሎ
እዚያው ሱቄ ቀረ፣ አቧራ ተቀብሎ።

የመክፈቻው ማታ፦ ወይን፣ ካሜራ፣ ጫጫታ፣
አንድ ምሁር ቆሞ ስለ ቅርፅ ጨዋታ።
ባልቴቷም መጡ፣ ቱራማን አስከትለው፣
አውቶቡስ ላይ አድረው፣ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው።
ፊቱን ጥቂት አዩና ዞሩ ወደ ጀርባ፣
ከእኔ በቀር ማንም ወደማይገባ፣
ወደ ሚስማር፣ ወደ ኮላ።
እኔ ፊት ለፊት ነኝ። ድንገት ከቀዳዳው
አንድ ዓይን ብቅ አለ፤ ሞራ የጋረደው።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስንቱን ሥዕል ስገጥም
አንድም ቀን ሥዕል
አይቶኝ አያውቅም።

«ምን ያያሉ?» አልኳቸው፣ ድምፄ ቀጥኖ።
«አንድ ሰው» አሉ፣ «የጫማው ክር ተፈትቶ፣ ባክኖ።»
ጎንበስ ብዬ ባየው፣ እውነትም ተፈቷል።

ለኤቬሊያ ደግሞ፣ ሲወጡ ከበሩ፣
«ያምራል፤ ግን ጠምቶታል» አሏት በአጭሩ።
ውሃ አጠጣችው እንዴ? እኔ አልጠየቅኳት።
ሥዕሉ ተሸጠ አሉ፤ እሷም ቀናት።

ከመሐል የወጣው፣ መዳፍ የሚያህል ክብ፣
ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ ከፍርፋሪው አጠገብ።
አንዳንዴ ሲመሽ፣ ሱቁ ሲጨላልም፣
ዓይኔ ላይ አደርገዋለሁ፤ ምንም አያሳይም።
ድፍን ነው፤ እንጨት ነው። መልሼ አኖረዋለሁ፣
የጫማዬን ክር አስሬ፣ መብራት አጠፋለሁ።